የሐሙስ ጭስ

«ፍጠን እንጂ አንተ! ያ ሠረገላ ሊቆም ነው!»

ልዑል ቫለሪያን ኤራስቶቪች ዛቬልስኪ ይህን ያሉት ዞር እንኳ ሳይሉ ነው። ስልሳ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው ሰው፣ ባርኔጣቸውን በአንድ እጃቸው ይዘው፣ በሞስኮ በረዶ ላይ እንደ ጎረምሳ እየተንሸራተቱ ይሮጣሉ። አሽከራቸው ፓንክራት የጸጉር ካባቸውን እንደ ሕፃን ታቅፎ ከኋላ ከኋላ ይከተላል። ካባው ያልተለበሰው ብርድ ጠፍቶ አይደለም። በእግሩ የመጣ ሰው የካባው ጫፍ በረዶ ይይዛል፣ በሠረገላ የመጣ ሰው ግን አይይዝም። ይህንን የማያውቅ በረኛ ደግሞ ሞስኮ ውስጥ የለም።

የልዑሉ ሠረገላ «ጥገና ገብቷል» ከተባለ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው።

ከሥዕል አዳራሹ ደጃፍ ሁለት ግራጫ ፈረሶች የሚስቡት፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ሠረገላ ቆመ። ልዑሉ በስተጀርባው ዞሩና ባለቤቶቹ ሲወርዱ እሳቸውም አብረው የወረዱ መስለው ብቅ አሉ። ፓንክራት ካባውን ትከሻቸው ላይ ጣል አደረገ፤ ከዚያም እንደ ልማዱ ወደማያውቀው ነጂ ቀና ብሎ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ አድርጎ፣ «ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተመለስ!» አለው።

«አንተ ደግሞ ማን ነህ?» አለ ነጂው ግራ ገብቶት።

ፓንክራት ጌታውን ተከትሎ አለፈ። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ይህን ጥያቄ ስንቱ ነጂ ጠይቆት ይሆን? ለአንዱም መልሶ አያውቅም።

ዛሬ ግን ልቡ ከዚህ ጨዋታ ጋር አልነበረም። ዕለቱ ዐርብ ነው። ከፊታችን እሑድ በኋላ ቅበላ ይገባል፣ ከቅበላ ቀጥሎ ዐቢይ ጾም ነው፤ እስከ ፋሲካ ድረስ ቤተ ክርስቲያን ማንንም በተክሊል አታጋባም። የፓንክራት ልጅ ኡስቲንያ ደግሞ ከወንዙ ማዶ ለሚኖር ጌራሲም ለሚባል ጓንት ሰፊ ከታጨች ሁለት ዓመቷ። ጌራሲም ነፃ ሰው ነው። እሷ ግን እንደ አባቷ የዛቬልስኪ ንብረት ናት፤ በመንግሥት መዝገብ ላይ በልዑሉ ስም «ነፍስ» ተብላ የተቆጠረች። ልዑሉ የነፃነት ወረቀት ካልፈረሙላት ቄሱ አያጋቧትም። የጌራሲም እናትም ባለፈው ሳምንት ቁርጡን ተናግራለች። «ከእሑድ ካለፈ ሌላ ልጅ አይቻለሁ፤ እኔም ልሞት ነው፣ የልጅ ልጅ ልይ» ብላለች።

ልዑሉ ክፉ ሰው ሆነው አልነበረም ያልፈረሙት። በአባታቸው ጊዜ ሦስት ሺህ ነፍስ ከነበረው ቤት ዛሬ የቀሩት ሁለት ናቸው፣ ፓንክራትና ኡስቲንያ። አንዷን ቢለቁ የአንድ ሰው ጌታ ሊሆኑ ነው። ደግሞም «ያለ ምክንያት የሚሰጥ ነፃነት የሱቅ ነጋዴ ስጦታ ነው» ይላሉ። የዛቬልስኪ ቤት የራሱ ሕግ አለው። የቤቱ ጌታ የሆነ ሰው ሥዕሉ ተሠርቶ ከአባቶቹ ሥዕል ጎን በሚሰቀልበት ቀን አንድ ነፍስ ነፃ ይወጣል። አያታቸው አንድ ፈረስ ገሪ፣ አባታቸው አንድ ወጥ ሠሪ የለቀቁት በዚሁ ሕግ ነው። ልዑል ቫለሪያን ግን ሥዕል ያላቸው የሃያ አምስት ዓመት ወጣት ሳሉ የተሣለች መዳፍ የማትሞላ ነገር ብቻ ናት። እሷ ደግሞ ግድግዳ ላይ አትሰቀልም።

ስለዚህ ሠዓሊውን ፈልጎ ያመጣው ራሱ ፓንክራት ነው። ሻምበል ፕላቶን ቺርኮቭ ከጦር ሠራዊት በጡረታ የወጡ፣ በአንድ እግራቸው የሚያነክሱ፣ ሦስት ደርብ ወጥተው ከጣሪያ ሥር የሚኖሩ ሰው ናቸው። ቀን ቀን ገበያ ለገበያ እየዞሩ የአሳ ሻጩን፣ የሰካራሙን ጸሐፊ፣ የመበለቲቱን መልክ በወረቀት ይለቅማሉ። «እሺ፣ እሠራለሁ። ክፍያም አልጠይቅም። ግን እንደፈለግሁ ልሥራው፣ ለአንድ ወርም ለሕዝብ ላሳየው፤ ከዚያ የልዑሉ ነው» አሉ። ልዑሉ «እንደፈለገ» ማለት ቀለም መምረጥ መስሏቸው ፈቀዱ።

ቀጥሎ የሆነው ግን እንዲህ ያለ ቤት ብቻ የሚሠራው ስሕተት ነው።

«የአሥራ ሦስት ትውልድ ዛቬልስኪ አንድ ጡረተኛ ሻምበል ፊት ለመቀመጥ ሦስት ደርብ ሊወጣ ነው?» አሉ ልዑሉ። «አያቴ ለሠዓሊ ልብሱን ነበር የሚልከው። አሽከር ይለብስለትና ይቀመጣል። ፊቱን ከሌላ ሥዕል ይገለብጡታል።»

ስለዚህ ፓንክራት በየማክሰኞው የጌታውን የሐር የቤት ካባ በጥቅል ተሸክሞ፣ የልዑሉን አባት የኮከብ ኒሻን በመሐረብ ቋጥሮ፣ ያቺን ትንሽ የወጣትነት ሥዕል በኪሱ ይዞ ሦስቱን ደርብ ይወጣ ጀመር። ሻምበሉ ትንሿን ሥዕል አንድ ጊዜ አገላብጠው አዩና መሳቢያ ውስጥ ከተቷት። ከዚያም ፓንክራትን አለበሱት፣ ሻይ ከነስኳሩ ሰጡት፣ ምድጃው አጠገብ አስቀመጡት። ሸራውን ግን አላሳዩትም።

ሰው ሙቀት ሲያገኝ ምላሱ ይፈታል። ፓንክራት ሃምሳ ዓመት ሙሉ ቆሞ ያገለገለ ሰው ነው። ተቀምጦ፣ ያውም ሐር ለብሶ፣ «ስለ ራስህ አጫውተኝ እንጂ ፓንክራት ወንድሜ» ሲባል የመጀመሪያው ነበር። በሦስተኛው ማክሰኞ ስለ ሐሙሱ ጭስ አወራ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ!

የሐሙሱ ጭስ ነገር እንዲህ ነው። በልዑሉ አባት ዘመን «የዛቬልስኪ ሐሙስ» የሚባል ግብዣ ነበር፤ ስልሳ ሰው ይበላል፣ ይጨፍራል። ዛሬ ግብዣው የለም። ጭሱ ግን አለ። ፓንክራት ሐሙስ ሐሙስ የወጥ ቤቱን ምድጃ በእርጥብ ገለባ ይሞላውና ተንበርክኮ እፍ እፍ ይላል። ከጭስ ማውጫው እንደ በሬ ጥብስ ያለ ወፍራም ጭስ ይወጣል። ጎረቤቱ ሁሉ ቀና ብሎ ያይና «ዛቬልስኪዎች ዛሬም እንግዳ አላቸው፤ እኛን ግን አይጠሩን» ብሎ ይቀናል። ውስጡን ለቄስ! ልዑሉ ላይ ቤት ትልቁን የብር ክዳን ገልጠው አንድ የተቀቀለ ድንች ይበላሉ።

ይህን ነበር ፓንክራት ያወራው። ሲጨርስ ደነገጠና «ኧረ በሥላሴ፣ እንዳይናገሩብኝ!» አለ። ሻምበሉም «እኔ? ትንፍሽ አልልም» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ በአፋቸውስ ትንፍሽ አላሉም።

ዛሬ የኤግዚቢሽኑ የመጨረሻ ቀን ነው። ልዑሉ እስከ ዛሬ ያልመጡት ታላቅ ሰው መጨረሻ ላይ ነው የሚታየው ብለው ነው። ፓንክራትን አሽከሮች ከሚቆሙበት አልፎ እንዲገባ ያደረጉትም ሥዕሉን ተሸክሞ የሚመለሰው እሱ ስለሆነ ነው።

ልዑሉ የጸጉር ካባቸውን ለፓንክራት አስይዘው አዳራሹ ውስጥ ገና ሲገቡ ከወዲያኛው ጥግ ሣቅ ፈነዳ። መኮንኑ፣ ተማሪው፣ ነጋዴው ከነሚስቱ፣ ሁሉም አንድ ሥዕል ፊት ተኮልኩሏል።

«ሕዝቡ ደስ ብሎታል» አሉ ልዑሉ። «የኛ ሥዕል ያለው ከማን አጠገብ ነው?»

ፓንክራት ረጅም ሰው ነው። በሰዎቹ ራስ ላይ አሻግሮ አየ። 

ሥዕሉ ላይ የነበረው የዛቬልስኪ ወጥ ቤት ነው። በስተግራ በወርቅ እግር ጠረጴዛ ላይ ትልቁ የብር ክዳን ተገልጦ አንድ ድንች ይታያል። በመስኮቱ ሦስት ጎረቤቶች አንገታቸውን አስግገው ወደ ጣሪያው ያያሉ። መካከል ላይ፣ ብብቱ የተቀደደ የሐር ካባ የለበሰ፣ ደረቱ ላይ ኮከብ የሰካ ጌታ ምድጃው ፊት ተንበርክኮ፣ ጉንጩን እንደ ከረጢት ነፍቶ እርጥብ ገለባ ላይ እፍ ይላል። ፊቱ ደግሞ የልዑሉ አይደለም። የፓንክራት ነው! ያቺ ከግራ ቅንድቡ በላይ ያለች ጠባሳ እንኳ አልቀረችም። ከሥሩ «የሐሙስ ግብዣ» የሚል ጽሑፍ አለ።

ፓንክራት ምን እንደሚሰማው አላወቀም። መጀመሪያ ልጁ ታየችው፣ ነጭ ቀሚሷን በካውያ ስትተኩስ ትቷት የመጣት ልጅ። ይህ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል? ይህ ከተሰቀለ ምን የማይሰቀል አለ! ካልተሰቀለ ደግሞ ነፃነት የለም። አለቀ፣ በገዛ አፌ ልጄን ቀበርኳት አለ። ቀጥሎ ደግሞ፣ ማፈር ሲገባው፣ ያ የተንበረከከ ሰው አሳዘነው። ያ ሰውዬ እሱ ነው? ጌታው ናቸው? ካባውን ሲያይ ጌታው፣ ፊቱን ሲያይ እሱ።

«ልዑልነትዎ» አለ ክንዳቸውን ሊይዝ ምንም ሳይቀረው፣ «ወዲያ በኩል የባሕር ሥዕል አለ ይላሉ። በጣም ያምራል አሉ።»

«ባሕር ምን ይሠራልኛል? እለፍ!»

ሰዉ ዞር ብሎ አያቸውና ገለል አለ። ሣቁም በአንዴ ሞተ። በዚያ ሰፈር የዛቬልስኪን ሐሙስ የማያውቅ የለም። ልዑሉ መነፅራቸውን ዓይናቸው ላይ አድርገው ሸራውን ከጥግ እስከ ጥግ አዩ።

«ፓንክራት።»

«አቤት ልዑልነትዎ።»

«ይህ ካባ የኔ ነው።»

«የልዑልነትዎ ነው።»

«ምድጃውም የኛ ነው።»

«ነው፣ ልዑልነትዎ።»

«ሰውዬውስ?»

  በዚህ መካከል ሻምበል ቺርኮቭ እያነከሱ መጥተው እጅ ነሡ።

«ምንድን ነው ይህ ጉድ፣ ሻምበል?» አሉ ልዑሉ በዝግታ። «እኔ በሕይወቴ ምድጃ ፊት ተንበርክኬ አላውቅም።»

«አውቃለሁ። ይህ ሰው ግን ያውቃል። ካባና ኮከብ ላኩልኝ፣ ውስጡ ሰው ነበረ። ያገኘሁትን ሣልኩ።»

«ፊቴን ልኬልዎት አልነበረም?»

«የላኩልኝ የሃያ አምስት ዓመት ልጅ ነው። ቤትዎ ውስጥ እንደዚያ ያለ ሰው ይኖራል እንዴ?»

 ሰይፍ መምዘዝ የሚያምራቸው ይመስል የልዑሉ እጅ ወደ ጎናቸው ሄደ፣ ግን ሰይፍ አልታጠቁም። ምን ሊሉ እንደነበር እግዜር ይወቀው፤ ወዲያው ሰዉ ለሁለት ተከፈለና የጄኔራሉ መበለት አግላያ ዳኒሎቭና በሁለት ሴቶች ተደግፈው ደረሱ። እኒህ እመቤት ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ እሳቸው «ጨዋ ነው» ያሉት ሰው ጨዋ፣ እሳቸው ያልጠሩት ሰው እንደሌለ የሚቆጠርበት ዘመን ገና አላለፈም። ዓይናቸው ግን ደክሟል። በር ላይ ሲገቡ የእብነ በረዱን ምሰሶ «እንደምን ዋልክ ኮሎኔል» ብለውት ነው ያለፉት።

የእጅ መነፅራቸውን አንስተው ከሸራው ጋር አፍንጫ ለአፍንጫ ተገናኙ።

«ይህ ሰው ማን ነው?» አሉ።

 ፓንክራት የጸጉር ካባውን ታቅፎ ጌታውን ያያል። «አሽከሬ ነው» ቢሉ የአሥራ ሦስት ትውልድ ካባና የአባታቸው ኮከብ ገባር ጀርባ ላይ መዋላቸው በአገር ፊት ተነገረ ማለት ነው። «አላውቀውም» ቢሉ ሥዕሉ እዚሁ ይቀራል፤ የሚሰቀል የለም፣ የሚፈረምም የለም። «እኔ ነኝ» ቢሉ ደግሞ ገለባ ላይ እፍ የሚለው ሰው እሳቸው ሊሆኑ ነው። ከሦስቱ የትኛው ይሻላል? 

ካፈርኩ አይመልሰኝ እንዲሉ፣ ልዑሉ አንገታቸውን ቀና አደረጉ።

«እኔ ነኝ፣ አግላያ ዳኒሎቭና።»

 ከዚያ አንድ ወፍራም የመንግሥት አማካሪ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ቁርጥ እርስዎን!» አለ። «ዓይኑ! ዓይኑን ተመልከቱ!» አለች ሌላዋ። «እጅግ ይመስላል፣ እጅግ!» አሉ ሌሎቹ። ያ ፊት ከነጠባሳው ከሥዕሉ ሁለት እርምጃ ርቆ፣ ካባ ታቅፎ ቆሞ ነበር። አንድም ሰው ዞር ብሎ አላየውም። አሽከርን ማን ፊቱን ያያል? ሻምበሉ ብቻ አንድ ጊዜ አዩት፤ አላሣቃቸውም።

አግላያ ዳኒሎቭና ግን ገና ከሸራው አልተላቀቁም።

«ኤራስት ነው!» አሉ በድንገት፣ ድምፃቸው እንደ ልጃገረድ ቀጥኖ። «አባትህ ራሱ! ይህን አፍንጫ የማላውቀው ይመስልሃል? ፈረንሳዮቹ ሞስኮ ሳይገቡ በፊት ሁለት ክረምት አብሬው ጨፍሬያለሁ። ግንባሩ፣ ይኸው አገጩ። ከአንተ እንኳ ይልቅ እሱን ይመስላል፣ ቫለሪያን። ጥሩ ሠዓሊ ነው ያገኘኸው።»

ይህን ብለው ወደ ባሕሩ ሥዕል ሄዱ።

ልዑሉ በቀስታ ዞሩ። ከልጅነት ጀምሮ ቦቲያቸውን የሚያወልቅላቸውን፣ ጢማቸውን የሚላጫቸውን ሰው፣ ገና ዛሬ ከደጅ እንደገባ እንግዳ ከላይ እስከ ታች አዩት። ፓንክራት መሬት መሬቱን አየ። ምሰሶን ኮሎኔል ያሉ ሴትዮ ናቸው እኮ! ማን ያምናቸዋል? ይህን እያሰበ ግን እጁ ሳያስበው አፍንጫውን ነካ።

«ሥዕሉን አንሣና ተሸከም» አሉ ልዑሉ። «እንሂድ።»

የሌላ ሰው ሠረገላ ሳይጠብቁ ወጡ። ልዑሉ የጸጉር ካባቸውን ለብሰው፣ ጫፉ በረዶ እየጠረገ፣ ፊት ፊት ይሄዳሉ። ፓንክራት ሸራውን በገመድ ጀርባው ላይ አዝሎ ይከተላል። ሥዕሉ ፊቱን ወደ ውጭ ስለሆነ ከኋላ የሚመጣው ሰው ሁሉ ያየውና ይሥቃል፤ ቀድሞት ዞር ሲል ያንኑ ፊት በአካል ያገኘውና አፉን ይዞ ይቆማል። አንዲት እንቁላል ሻጭ ሦስት ጊዜ አማተበች።

«ወይ ጉድ! መንታ ነው የተሸከመው?» አለች።

ልዑሉ ሰሙ። እርምጃቸውን አፈጠኑ።

ቤት ሲደርሱ ኡስቲንያ ደጁን ከፈተች። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ከጠዋት ጀምራ ቀለምና ብዕር አዘጋጅታ፣ ቀለሙ እንዳይረጋ በየሰዓቱ ስትበጠብጥ ውላለች። ሥዕሉን ስታይ እጇ አፏ ላይ ሄደ።

«አባባ፣ ይኼ አንተ ነህ!»

«ዝም በይ» አለ ፓንክራት። «ልዑሉ ናቸው።»

«እንዴት ልዑሉ ይሆናሉ? የጠባሳህን…»

«ዝም በይ አልኩሽ ልጄ! እኔም አላወቅሁትም።»

ልዑሉ ትልቁ አዳራሽ ገብተው ከአባታቸው ሥዕል ሥር ቆመው ነበር። ልዑል ኤራስት በዘይት ቀለም፣ ኮከባቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ በዚያ ትልቅ አፍንጫ አቅጣጫ ዓለምን ቁልቁል ያያሉ።

«ፓንክራት፣ ወዲህ ና። እዚህ ቁም። ወደ መስኮቱ ዞር በል… ተው፣ ወዲያኛው ተሻለ።» ዓይናቸውን አጥብበው አንዴ ግድግዳውን፣ አንዴ ሰውዬውን አዩ። «እናትህ ምን ነበር የምትሠራው?»

«የእልፍኝ ልብስ አጣቢ ነበረች፣ ልዑልነትዎ።»

«ስለ አባትህ ምን አለችህ?»

«ምንም። እኔም አልጠየቅሁ። በመዝገቡ ላይ የአናጢው የሲላ ልጅ ነው የሚለኝ።»

«ስንት ዓመትህ ነው?»

«ልዑልነትዎን በአራት ወር እበልጥዎታለሁ ይላሉ።»

«ትበልጠኛለህ!» አሉ ልዑሉ፣ ከሁሉ ይልቅ ይህኛው የደፈራቸው ይመስል። ከዚያ ድምፃቸው ወረደ። «ያቺ ሴትዮ ዕውር ናት።»

«ናቸው፣ ልዑልነትዎ።»

«ምሰሶ ነው ኮሎኔል ያለችው።»

«እኔም ሰምቻለሁ።»

 ኡስቲንያ የቀለሙን ብልቃጥ ይዛ ደፍ ላይ ቆማለች። ፓንክራት ከግድግዳው ሥዕል ወደ ጌታው ዓይኑን መለሰ። ወንድሜ ይሆኑ እንዴ ብሎ ማሰብ እንኳ ነውር ሆነበት። ደግሞ ቢሆኑስ ምን ይለወጣል? ጢማቸውን ማን ሊላጫቸው ነው? አሁን ግን ያሳሰበው ይህ አልነበረም። ተንበርክኮ የልዑሉን እጅ ያዘ።

«ልዑልነትዎ፣ የጭሱን ነገር ያወራሁት እኔ ነኝ። አፌ ነው ያመለጠኝ። እኔን ይቅጡኝ፣ ወደ ፈለጉበት ይላኩኝ። ልጅቷ ግን ምንም አላደረገች። እሑድ ካለፈባት አለቀላት።»

ልዑሉ የተንበረከከውን ሰው አዩ፤ አጠገቡ ግድግዳው ላይ የተደገፈውን ሌላውን የተንበረከከ ሰው አዩ።

«ተነሣ» አሉ። «ሁለት ሁለት ሆነህ አትንበርክክብኝ። ሚስማር አምጣ።»

«የት ይሰቀል?»

«የት ይሰቀላል? ከአባቴ ጎን ነዋ! ጠላት ወዳጁ እየሰማ እኔ ነኝ ብዬአለሁ፤ ዛቬልስኪ ቃሉን አያጥፍም። ሥዕል ከተሰቀለ ሕጉ ሕግ ነው። አንቺ ልጅ፣ ያንን ቀለም ሳትደፊው ወዲህ አምጪው።»

ፈረሙ። የስማቸው መጨረሻ ላይ ያለችውን ጭራ ሁለት ጊዜ ጠምዝዘው፣ አሸዋ ነስንሰው፣ እፍ ብለው አደረቁት። በማግስቱ የደብሩ ቄስና ሻምበሉ በምስክርነት ፈረሙበት። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ኡስቲንያ ተክሊል ደፋች። ፓንክራት አለቀሰ፣ ስቅስቅ ብሎ፣ ሰው እስኪያየው ድረስ። አብሯት ግን አልሄደም፤ እሱ ያው ነፍስ ነው፣ በዛቬልስኪ መዝገብ ላይ የቀረ የመጨረሻው ነፍስ።

ቅበላ ገባ። ሞስኮ ሁሉ ብሊኒ የሚሉትን ስስ ቂጣ ይጋግራል፣ ቅቤ በየአገጩ ይፈስሳል። ሐሙስ ጠዋት ልዑሉ ጢማቸውን ሲላጩ፣ «ዛሬ ልጅህ ዘንድ አትሄድም?» አሉ።

«ሐሙስ ነው እኮ ልዑልነትዎ። ጭሱ…»

«ሂድ ብያለሁ። ለአንድ ቀን ባይጨስ ቤቱ አይፈርስም።»

ሄደ። ከወንዙ ማዶ የጌራሲም እናት በክብር ቦታ አስቀመጠችው። «ይብሉ እንጂ አማቻችን፣ አፈር ስሆን፣ ይቺን ብቻ!» እያለች ብሊኒውን ትከምርበታለች። ኡስቲንያ ነፃ ሴት ሆና፣ ጠጉሯን እንደ ባለትዳር ሸፍና፣ ክቫስ የሚሉትን የዳቦ ጠላ ትቀዳለች። ይህን ሊያይ ነበር ሃያ ዓመት የኖረው። አሁን ግን ጉርሻው አልወርድ አለው፤ ዓይኑ በመስኮቱ አልፎ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ አንድ ጣሪያ ላይ ተተክሏል።

ከዛቬልስኪ ጭስ ማውጫ ቀጭን ነጭ ነገር ወጣ። ቆመ። እንደገና ብቅ አለና ጠፋ።

«ደረቅ ነው» አለ ፓንክራት።

«ምኑ ነው ደረቁ አባባ? ቅቤ ልጨምርልህ?»

«ገለባው ነው፣ ልጄ። አላረጠቡትም።»

«ታዲያ ያንተ ምን ጣጣ አለበት? ተቀመጥ በሞቴ! ዛሬ እንኳ ተቀመጥ።»

ሳማት። ባርኔጣውን አንሥቶ ወጣ፤ በረዶ የሆነውን ወንዝ በእግሩ አቋረጠ። ለምን እንደሚሮጥ ጠይቀውት ቢሆን አያውቀውም። አሽከር ስለሆነ ነው? ወይስ ሌላ ነገር ስለሆነ? በልቡ እያገላበጠ ደረሰ።

የወጥ ቤቱ በር ገርበብ ብሏል። ልዑል ቫለሪያን ኤራስቶቪች የሐር ካባቸውን ለብሰው፣ የአባታቸውን ኮከብ ሰክተው፣ ምድጃው ፊት ተንበርክከዋል። ጉንጫቸው እንደ ከረጢት ተነፍቷል። ግንባራቸው፣ አፍንጫቸው፣ አገጫቸው ጥላሸት ስለለበሰ ፊታቸው የማን እንደሆነ አይለይም።

ፓንክራት ደፉ ላይ ቆመ። ልዑሉ አዩት፤ ዓይናቸው ከጭሱ ይሁን ከሌላ ነገር እንባ አቅርሯል።

«አይነድም» አሉ።

«መንደድ የለበትም፣ ልዑልነትዎ። መጨስ ነው ያለበት። ውሃ ይረጭበታል።»

«ማን ነገረኝና?»

ፓንክራት ጣሳውን አንሥቶ ውሃ ረጨ፤ ገለባው ቸስ አለ፣ ወፍራም ጭስ ፊታቸው ላይ ግልብጥ አለ። ሁለቱም ሳሉ። አሁን እፍ ማለት ያስፈልጋል፤ የምድጃው አፍ ግን ጠባብ ነው፣ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚይዘው። ፓንክራት ጌታው እስኪነሡለት ከኋላቸው ቆሞ ጠበቀ።

ልዑሉ አልተነሡም። የካባቸውን ጫፍ ሰብሰብ አደረጉና ጠጋ አሉለት።